ለሞዴል ባቡር ገጽታ ከሚሸጡት ዕቃዎች የትኞቹ ይገዙ?

የሞዴል ባቡር ገጽታ መሥሪያ ተብለው ከሚሸጡት ዕቃዎች ውስጥ ያለማቅማማት ግዙ የሚባሉት ሦስት ናቸው፦ የኤሌክትሪክ ሣር መዝሪያ፣ የድንጋይ ቅርጽ ማውጫ ጎማ፣ እና በትክክለኛ መጠን የተነፋ የሐዲድ ጠጠር። የቀረው አብዛኛው ከቀለም ቤትና ከግንባታ ዕቃ ሱቅ በርካሽ የሚገኝ ነገር ነው፤ አለዚያም በውሃ ቀጥኖ የሚያምር ስም የተለጠፈበት ኮላ ነው። ውሃ ለመምሰል የሚፈሱት ኬሚካሎች ለብቻቸው ይታያሉ፤ እነሱ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተሠራው ሥራም ጭምር ስለሆነ።

ልኬቶቹ የተሰጡት በ1:87፣ ማለትም በኤች ኦ መጠን ነው። በዚህ መጠን የእውነተኛው ዓለም 1 ሜትር 11.5 ሚ.ሜ ይሆናል፤ በኤን መጠን (1:160) ደግሞ 6.25 ሚ.ሜ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በቃል መያዝ ከብዙ መጥፎ ግዢ ያድናል፤ ብዙው ማሸጊያ «ደቃቅ»፣ «መካከለኛ» ይላል እንጂ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አይናገርም።

ለመሠረቱ ብዙ መክፈል አያስፈልግም። በግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው ሰማያዊ ወይም ሮዝ ጠንካራ ፎም በ25 እና በ50 ሚ.ሜ ውፍረት ይገኛል፤ ለሞዴል ተብሎ ተቆራርጦ ከሚሸጠው የሚያንሰው ነገር የለም። ነጩ ኳስ ኳስ የሚለው ፎም ግን ይቅር፦ ሲቆረጥ የሚረግፈው ፍርፋሪ ልብስ ላይ፣ ቀለም ላይ፣ ሐዲድ ላይ ይለጠፋል፣ ጠርዙም አይለሰልስም። ማጣበቂያ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። ማስቲሽና መሟሟቻ ያለበት ሌላ ማጣበቂያ ፎሙን ይበላዋል። ነጭ ኮላ ደግሞ በሁለት ሰፋፊ ፎሞች መካከል አየር ስለማያገኝ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ከላይ የደረቀ ይመስልና ኮረብታው ሲነካ ይንሸራተታል። በቱቦ የሚሸጠው፣ ለፎም እንደሚሆን የተጻፈበት የግንባታ ማጣበቂያ ይሻላል። የጋለ ሽቦ መቁረጫ ንጹሕ ይቆርጣል፣ ግን ጭሱ ጤና ስለሚጎዳ መስኮት ተከፍቶ ወይም ደጅ ካልሆነ አይሞከርም። ለተራ ቁልቁለት ረጅም ምላስ ያለው ካተርና ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃሉ።

የጀሶ ፋሻ እንደ አሠራራችሁ የሚወሰን ግዢ ነው። ኮረብታው በካርቶን ሪባን መረብ ከተሠራ ፋሻው አማራጭ የለውም፤ በፎም ከተሠራ ግን ስስ ስቱኮ ተቀብቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ፋሻውን ወደ 10 በ15 ሳ.ሜ ቆርጦ ውሃ ውስጥ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ መንከር፣ ጀሶ የበዛበትን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ግማሽ በግማሽ እየደረቡ መዘርጋት፣ ወዲያው በእርጥብ ጣት ቀዳዳዎቹን ማሸት ነው። መረብ ላይ ሁለት ድርብ ያስፈልጋል። ውሃው ውስጥ ከቆየ ጀሶው ይታጠብና ባልዲው ግርጌ ይቀራል፣ በእጃችሁ የሚቀረው ባዶ ጨርቅ ነው። ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ እርጥበት የጠጣ ፋሻም አይጠነክርም፤ ስለዚህ ጥቅሉን በላስቲክ አጥብቆ ማሰር ግድ ነው። በየትኛውም መንገድ ተሠራ፣ ከላይ አንድ እጅ ቡናማ ፕላስቲክ ቀለም ይቀባ። በኋላ የሆነ ቦታ ሲፋቅ ከሥሩ ነጭ ወይም ሮዝ ሳይሆን አፈር የሚመስል ቀለም ይታያል። ገደል የሚለጠፍበትን ቦታ ብቻ ሳትቀቡ ተዉት።

የድንጋይ ቅርጽ ማውጫ ጎማ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ በደንብ ከታጠበ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሲመረጥ ጥልቀት ያለውና ንብርብሩ ጎልቶ የወጣው ይመረጥ፤ ጠፍጣፋው ከቀለም በኋላ የግድግዳ ልስን ይመስላል። ጀሶው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ጀሶ አይጨመርም፣ አለዚያ ይቋጠራል። የእርጎ ውፍረት ሲይዝ፣ አስቀድሞ ሳሙና ጠብ በተደረገበት ውሃ የተረጨው ጎማ ላይ ይፈሳል፤ ከሥር መታ መታ ማድረግ አረፋውን ያወጣዋል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር መጠበቅ ነው። ለተጠማዘዘ ገደል ግን ጀሶው መርጋት ሲጀምር፣ ጎማው ሲታጠፍ ላዩ ላይ ስስ ስንጥቅ በሚታይበት ሰዓት፣ ከነጎማው አንስቶ ኮረብታው ላይ መጫንና እስኪጠነክር መያዝ ይቻላል። ከሥሩ ያለው ቦታ ካልረጠበ ደረቁ ጀሶ የአዲሱን ውሃ ስለሚመጠው ተሰንጥቆ ይወድቃል።

ተራው ጀሶ ለዚህ ሥራ ደህና ነው፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ጠርዙ በቀላሉ ይረግፋል። ለቅርጻ ቅርጽ የሚሸጠው ጠንካራ ጀሶ ትንሽ ይወደዳል፤ ዝርዝር ይይዛል፣ ጠርዙም አይረግፍም። በቀለም ደረጃ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው «የድንጋይ ቀለም ስብስብ» ግን አያስፈልግም። ጥቁር፣ ጥሬ ኡምበር (ቡናማ) እና ቢጫ ኦከር አክሪሊክ በብዙ ውሃ፣ አንድ እጅ ቀለም በ15 ወይም በ20 እጅ ውሃ፣ ቀጥኖ ይዘጋጃል። በመጀመሪያ ቢጫውና ቡናማው በስፖንጅ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ይደረጋሉ፣ ሳይደርቁ ጥቁሩ በላያቸው ይረጫል፤ እርስ በርስ ተዋህደው በስንጥቁ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ይህ የሚሠራው ባልተቀባ ጀሶ ላይ ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ቀለም ከነካው ቀጭኑ ቀለም አይገባበትም፣ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሌላው የተለመደ ጥፋት አንዱን ቅርጽ አሥር ጊዜ በአንድ አቅጣጫ መደርደር ነው። ሰብሩት፣ ገልብጡት፣ አጠጋጉት፤ የንብርብሩ መስመር ግን በአንድ ገደል ላይ በአንድ አቅጣጫ ይሂድ፣ ተፈጥሮም እንደዚያ ስለሆነች።

ለአፈር፣ አፈር። ደጅ ያለውን አድርቆ፣ ምድጃ ውስጥ አሙቆ፣ በጥሩ ወንፊት ነፍቶ መጠቀም ከማንኛውም ቡናማ የስፖንጅ ዱቄት ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ አይረሳ፦ ጠንካራ ማግኔት በላስቲክ ተጠቅልሎ በአፈሩ ውስጥ ደጋግሞ ይዙር። የብረት ብናኝ የያዘ አፈር ወደ ሎኮሞቲቩ ሞተር ማግኔት ይሳባል፣ ከዚያ በኋላ ጥገናው ቀላል አይደለም። አረንጓዴው የተፈጨ ስፖንጅ ቀድሞ የሁሉ ነገር መሸፈኛ ነበር፤ አሁን ቦታው ከሣሩ ሥር እና ቁጥቋጦ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ቀለም፣ አንድ ደቃቅና አንድ ሻካራ፣ ከዚያ በላይ አትግዙ።

ሣር መዝሪያው ሰፊ ቦታ ይገባዋል። ገጽታውን ከአሻንጉሊትነት የሚያወጣ አንድ መሣሪያ ካለ ይኸው ነው። ውስጡ ያለው ትንሽ ሰርኪዩት የባትሪውን ጥቂት ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድጋል፤ አፉ ላይ ያለው የብረት ወንፊት ያንን ኃይል ይይዛል፤ ከጎኑ የሚወጣው ሽቦ ደግሞ በመቆንጠጫ ከእርጥቡ ኮላ ጋር ይገናኛል። ዕቃው ሲንቀጠቀጥ የሚወርዱት የናይሎን ክሮች በሁለቱ መካከል ባለው የኤሌክትሪክ መስክ ይሰለፉና ቆመው ኮላው ውስጥ ይተከላሉ። ይህን አሠራር የተረዳ ሰው ሣሩ ለምን እንደተጋደመ ወዲያው ያውቃል። ከአሥሩ ቅሬታ ዘጠኙ መሣሪያውን ሳይሆን የመሬት ሽቦውን የሚመለከት ነው፦ መቆንጠጫው እርጥቡን ኮላ አልነካም። ፎምም ሆነ ደረቅ ጀሶ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ ኮላው መሃል ሚስማር ተክሎ መቆንጠጫውን እዚያ ላይ መያዝ፣ እየራቁ ሲሄዱም ሚስማሩን ማዛወር ያስፈልጋል።

ሲገዛ ምን ይታይ? በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠሩት ትንንሾቹ ለ2 እና ለ4 ሚ.ሜ ክር ይበቃሉ፤ 6 እና 12 ሚ.ሜ ለማቆም ግን ይደክማሉ፣ እዚያ ላይ ከግድግዳ ሶኬት በአዳፕተር የሚሠራው ኃይለኛው ዓይነት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ባትሪው ሲዳከም መብራቱ ቢበራም ክሮቹ መጋደም ይጀምራሉ፤ አዲስ ባትሪ ሳይሞከር መሣሪያው ተበላሸ አይባል። ወንፊቱ የሚቀያየር ይሁን፦ ጠባብ ዓይን ለአጭሩ፣ ሰፊ ዓይን ለረጅሙ። አንድ ቋሚ ወንፊት ያለው መዝሪያ ረጅሙን ክር ቋጥሮ ይይዘዋል፣ አጭሩን ደግሞ በአንዴ ያፈሰዋል። የመሬት ሽቦው ቢያንስ 1 ሜትር ቢሆን ሥራው ይቀላል። ኮኖች ከሚመስሉት የፕላስቲክ መጭመቂያ ጠርሙሶች ግን ራቁ፤ በፍትጊያ የሚያገኙት ኃይል ትንሽ ስለሆነ ግማሹ ክር ይተኛል። ጠባብ ስንጥቅ ለመሙላት ብቻ ይሆናሉ።

ክሩ በምን ያህል ርዝመት ይገዛ የሚለው በስሌት ይመለሳል። በ1:87 የ2 ሚ.ሜ ክር 17 ሳ.ሜ ሣር ነው፣ 4 ሚ.ሜ 35 ሳ.ሜ፣ 6 ሚ.ሜ ከ50 ሳ.ሜ በላይ፣ 12 ሚ.ሜ ደግሞ ከ1 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ የግጦሽ መስክ በ2 ሚ.ሜ ይጀመራል፣ 4 ሚ.ሜ በከፊል ይደረብበታል፣ 6 ሚ.ሜ በአጥር ሥርና በሐዲድ ዳር ብቻ፤ 12 ሚ.ሜ የረግረግ ሸምበቆ ካልሆነ አይነካም። በ1:160 የሚሠራ ሰው ከ2 ሚ.ሜ ብዙ መራቅ የለበትም። ቀለሙን በተመለከተ አንድ አረንጓዴ ብቻውን የኳስ ሜዳ ምንጣፍ ያስመስላል። ሦስት ወይም አራት ቀለም፣ ከመካከላቸው አንዱ የደረቀ ሣር ቢጫ ሆኖ፣ ዕቃው ውስጥ እጅ በእጅ መቀላቀል ነው፤ ሁለተኛው ድርብ ከመጀመሪያው ትንሽ ፈዘዝ ይበል።

ኮላው ነጭ ኮላ ሆኖ በጥቂት ውሃ፣ አራት እጅ በአንድ፣ ይቀጥንና በብሩሽ በስሱ ይቀባል። ለሣር ተብሎ የሚሸጠው ልዩ ኮላ ቀስ ብሎ መድረቁና አለማብረቁ ጥሩ ነው፣ ግን ለትልቅ መስክ ዋጋው አያዋጣም። በአንድ ጊዜ ከሁለት ስንዝር ካሬ በላይ አትቀቡ፤ ላዩ ቆዳ ካወጣ ክሩ አይገባበትም። ወንፊቱ ከኮላው በላይ 2 ወይም 3 ሳ.ሜ ላይ ይያዝ። ከዚህ ከራቀ መስኩ ይዳከማል፣ ከነካ ደግሞ ኮላው ወንፊቱን ይዘጋዋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ በአፉ ላይ ስስ የሴት ካልሲ በታሰረ ቫኪዩም፣ ሳይጠጉ፣ የተረፈውን መምጠጥ ይቻላል፤ የተጋደመውም በዚያው ይቆማል፣ ካልሲው ላይ የተጠራቀመው ክር ወደ ብልቃጡ ይመለሳል። ለሁለተኛው ድርብ የፀጉር ስፕሬይ ወይም የሚረጭ ማጣበቂያ ስስ አድርጎ መርጨት ነው፤ ኮላ በብሩሽ ከተቀባ የቆመውን ያጋድመዋል።

እርጥብ ቀን ክሩን ያቋጥረዋል፤ ጣሳው ውስጥ ከተቋጠረ አውጥቶ ማድረቅና በጣት መፈልቀቅ ነው። በጣም ደረቅ አየርም ተቃራኒውን ያመጣል፣ ክሩ ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ አልወርድ ይላል። ወንፊቱንና መቆንጠጫውን በአንዴ መንካት ያስደነግጣል፣ ያቃጥላልም፤ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ይህን መሣሪያ ባይነካ ይሻላል። ሎኮሞቲቮችም ከጠረጴዛው ይነሱ፣ የመቆጣጠሪያ ሽቦውም ይነቀል፤ ዲኮደሮች፣ ማለትም ሎኮሞቲቩ ውስጥ ሆነው ትእዛዝ የሚቀበሉት ትንንሽ ሰርኪዩቶች፣ እንዲህ ያለውን ቮልት አይችሉም።

ጠጠሩ ላይ ሁለት ጥያቄ አለ፦ ከምን ተሠራ፣ ስንት ይሆናል። ከዋልነት ቅርፊት የሚፈጨው ቀላል ስለሆነ ኮላ ሲነካው ይንሳፈፋል፣ በስንት ትዕግሥት የተስተካከለው ቅርጽ ይፈርሳል። እውነተኛ የድንጋይ ፍጭ ይቀመጣል፣ አይንቀሳቀስም። መጠኑን እንመልከት፦ እውነተኛ የሐዲድ ጠጠር በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ሳ.ሜ ነው፤ በ1:87 ይህ ከ0.35 እስከ 0.7 ሚ.ሜ ይሆናል። ብዙ ጊዜ «መካከለኛ» ተብሎ የሚሸጠው 1 ሚ.ሜ እና ከዚያ በላይ ነው፤ በሞዴሉ ላይ የሰው ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለ ደቃቁን ውሰዱ።

ጠጠሩ ደረቅ ሆኖ በማንኪያ በሐዲዱ መሃል ይፈስሳል፣ በለስላሳ ብሩሽ ይዘረጋል፤ ከዚያ ሐዲዱን በብሩሹ እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት አግዳሚዎቹ ላይ የቀረው ይወርዳል። በጎማ ላይ እየተንከባለለ ጠጠር የሚያፈሰው መሣሪያ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ጊዜ ይቆጥባል፤ ሐዲድ በሚቀያየርበት ቦታ ግን ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል። ከዚያ ውኃማ አልኮል (70 በመቶው ይበቃል) ከሩቅ እንደ ጉም ይረጭ፣ ጠጠሩ በደንብ እስኪረጥብ። ይህ እርምጃ ከተዘለለ ኮላው ኳስ ሆኖ ላዩ ላይ ይቆምና ጉድጓድ ይቆፍራል። ቀጥሎ ነጭ ኮላ እኩል በእኩል በውሃ ቀጥኖ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት፣ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ ወተት መስሎ ጠርዙ ላይ እስኪወጣ። አንድ ቀን ሙሉ አይነካ። በነጭ ኮላ ፋንታ የማያብረቀርቅ የአክሪሊክ ሚዲየም (ቀለም ያልተጨመረበት የአክሪሊክ ማያያዣ) ከተቻለ ይመረጣል፦ ሲደርቅ ለስለስ ስለሚል የባቡሩን ድምፅ ወደ ሳንቃው ያን ያህል አያሳልፍም። በመርጫ ጠርሙስ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ማጣበቂያ መጥፎ አይደለም፤ ራሳችሁ ከምታቀጥኑት በላይ ግን ምንም አያደርግም፣ መርጫው ካልታጠበ ደግሞ ቶሎ ይደፈናል።

መቀያየሪያው ላይ በሚንቀሳቀሱት የሐዲድ ምላሶች አካባቢ ጠጠሩ አንድ ንብርብር ብቻ ይሁን፣ ኮላውም በጥርስ እንጨት ጫፍ። ኮላው እየደረቀ ሳለ መቀያየሪያውን በየጥቂት ደቂቃው ወዲያና ወዲህ ማድረግ ያዋጣል። ሐዲዱ ላይ የቀረ ኮላ ኤሌክትሪክ ስለሚከለክል ወዲያው በጨርቅ ይጠረግ።

ዛፎች ላይ አጭር ፍርድ፦ ተዘጋጅተው የሚሸጡት በአብዛኛው አጭር ናቸው። 20 ሜትር የሚሆን ዛፍ በ1:87 23 ሳ.ሜ ነው፤ የማሸጊያው 9 ሳ.ሜ ዛፍ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ትንንሾቹን ለሩቁ ኮረብታ፣ ከፊት ያሉትን ጥቂቶቹን ግን ከተጠማዘዘ ሽቦ ሠርታችሁ። ደርቆ የሚሸጠው ቅርንጫፋማ ተክል ለቀጫጭን ዛፍ ወደር የለውም፤ በቀጠነ ሚዲየም ተነክሮ ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ተንጠልጥሎበት ተገልብጦ ካልደረቀ ግን ጠማማ ሆኖ ይቀራል፣ በጥቂት ጊዜም ይሰባበራል።

ወደ ውሃው እንምጣ። ተዘጋጅቶ ከጠርሙስ የሚፈሰው፣ ውሃ ላይ የተመሠረተው ዓይነት ለጀማሪ የሚመች ነው፣ ሽታ የለውም፣ ልኬት አይፈልግም። ችግሩ የሚደርቀው ውሃው በትነት ሲወጣ ስለሆነ ይሰበሰባል፤ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚ.ሜ በላይ ከፈሰሰ ላዩ ይዘጋና ውስጡ ነጭ ደመና ሆኖ ይቀራል። በየድርቡ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። ቀልጦ የሚፈሰው የፕላስቲክ ፍሬ ግን መወገድ ያለበት ነው፦ ሲፈስ ስለሚግል ፎም ያቀልጣል፣ እጅ ያቃጥላል፣ እያደር ይሰነጠቃል፣ ቢጫም ይሆናል። ጥልቀት ለሚያሻው ቦታ አማራጩ ሁለት ክፍል ያለው ኤፖክሲ ሬዚን ነው።

ኤፖክሲው ሳይፈስ በፊት የወንዙ ግርጌ ይቀባ፤ መሃሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወደ ዳር እየፈዘዘ አፈር ይምሰል። የጥልቀቱ ስሜት የሚመጣው ከዚህ ቀለም ነው፣ ከሬዚኑ ውፍረት አይደለም። ከዚያ ግርጌው ሁሉ በነጭ ኮላ ሁለት እጅ ይዘጋ፤ ሬዚን ፀጉር በምታህል ቀዳዳ ወርዶ ወለሉ ላይ ይጠብቃችኋል፣ ያልተዘጋ ጀሶም እስኪረጋ ድረስ አረፋ ይተፋል። ሳንቃው በውሃ ልክ ይስተካከል። ሁለቱ ክፍሎች በማሸጊያው በታዘዘው ምጣኔ ይለኩ፤ ብዙዎቹ እኩል በእኩል በሚሊ ሊትር ናቸው እንጂ በግራም አይደሉም፣ በሚዛን የለካው ሰው የሚያጣብቅ ሐይቅ ይተርፈዋል። ለሦስት ደቂቃ ዳርና ታቹን እየጠረጉ ማማሰል፣ ወደ ሌላ ንጹሕ ኩባያ ገልብጦ እንደገና ማማሰል። የመጀመሪያው ኩባያ ግድግዳ ላይ የቀረው ያልተዋሃደ ስለሆነ መጠረግ የለበትም። ክፍሉ ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ ሬዚኑ ወፍሮ አረፋውን አይለቅም። ከፈሰሰ በኋላ የላይተር ነበልባል በፍጥነት ካለፈበት ላዩ ላይ ያለው አረፋ ይፈነዳል፤ ሣር ያለበት ዳር ግን አይጠጋ። ጓንትና የተከፈተ መስኮት አይዘንጉ። ለአቧራ ካርቶን ይደፋበት። ሬዚኑ ከሣሩና ከድንጋዩ ጋር በሚገናኝበት ዳር ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፣ እርጥብ ጭቃ የሚመስል አንጸባራቂ መስመር ትቶ። ከደረቀ በኋላ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽና ቁንጣሪ አፈር ይሸፍነዋል።

ጥልቀት የሌለው ጅረት ለሚሠራ ግን ከእነዚህ አንዱንም አትግዙ። የሚያብረቀርቅ የአክሪሊክ ሚዲየም በብሩሽ አምስት ስድስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል፤ ሞገዱ የሚሠራው በወፍራሙ ጄል ነው፣ በብሩሽ ጫፍ እየተነካካ። አይፈስስም፣ አይሸትም፣ ስህተት ቢኖር በላዩ ይቀባል።

መጠን ለሚጠይቅ፣ 60 በ120 ሳ.ሜ ሰሌዳ ላይ፦ ፋሻ በሁለት ድርብ ከነቁልቁለቱ ወደ 2 ካሬ ሜትር፤ ጠጠር ለአንድ ሜትር ሐዲድ ከነትከሻው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፤ 10 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ሰሌዳውን በአጭሩ በኩል የሚያቋርጥ ወንዝ በ3 ሚ.ሜ ውፍረት 180 ሚሊ ሊትር ሬዚን። ኩባያው ላይ ለሚቀረው 20 ሚሊ ሊትር ይጨመርበት። ሣሩን ግን ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ግዙ፤ ቀለሙ ከጥቅል ጥቅል ይለያያል።